ከበሩ ኋላ የተሰቀለው ጭምብል

ልጄ ሠርካለም፣ በወጣሽ በገባሽበት ቅዱስ ሚካኤል ይከተልሽ። እኛ ደህና ነን፤ የደባርቅ ብርድ ግን አባትሽን ከጋቢው አላስወጣውም። አንቺ ያለሽበት አገርም ሳል ገብቷል ይላሉ፤ አንገትሽን ሸፍኚ።

ትናንት ከኅዳር ሚካኤል ስንመለስ እንደ ልማዳችን ቆሻሻውን ደጃፍ ላይ አቃጠልን። አያቴ እማሆይ የሺወርቅ ያንን ጭስ ባዩ ቁጥር ያለቅሱ ነበር። በልጅነታቸው የኅዳር በሽታ እናታቸውን ሲወስድባቸው፣ «ይጋባብሻል» ተብለው ሳይስሟቸው ቀሩ።

አንቺን ስሸኝ ያደረግሁትን የኮሮና ጭምብል ከበሩ ኋላ አንስቼ እሳቱ ውስጥ ልጥለው ነበር፤ እጄ እምቢ አለኝና መልሼ ሰቀልኩት። ያን ቀን ጨርቁ ከልሎኝ ጉንጭሽን በወጉ አልሳምኩትም።

ዕድሜሽን ያርዝመው፣ እንጀራሽን ይባርከው። ለከርሞ ኅዳር ብቅ በይልኝ። መጀመሪያ ጉንጭሽን ልሳም፤ ጭምብሉን ከዚያ አብረን እናቃጥለዋለን።

እናትሽ ሐመልማል