የድንቡሼ አስጠኚ

ኅዳር 4

ካርድ ክፍሉ ዛሬም እንደ ጉድ ተጨናንቆ ዋለ። ሦስት ካርድ ለሐኪሙ መለስኩ። "ዶክተር፣ እዚህ ጋ አልሞሉም።" ሳቀብኝ። "እርስዎ እያሉ መቼ ባዶ ቦታ ይተርፋል!" ይሳቅ። አሥራ ዘጠኝ ዓመት እዚያ ክፍል ሠርቼ ያልተሞላ መስመር ምን እንደሚያመጣ አውቃለሁ። አንዴ "የማይስማማው መድኃኒት" የሚለው ቦታ ባዶ ያለፈ ሰውዬ... ተዪው። ዳነ እንኳ።

ቤት ስገባ አስጠኚው ደርሷል። ሰኞ፣ ረቡዕ፣ ዓርብ፤ ሒሳብ ያስጠናልኛል። ልጄ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ናት፤ የመልቀቂያ ፈተናው ሰባት ወር ቀረው። ድንቡሼ እላታለሁ፤ በሕፃንነቷ የወጣላት ስም ነው። አሁንማ ክር ሆናለች። አስጠኚው ሲወጣ ደብተሯን ገለጥኩ... አራት ገጽ ሙሉ! አንድም ባዶ መስመር የለ! ደስ ሲል!

አባቷ ከጋዜጣው ቀና እንኳ ሳይል፣ "ቀን ሙሉ ትምህርት ቤት ምን ስትሠራ ውላ ነው ደግሞ ሌላ አስተማሪ?"

"አንተ ደግሞ! ሰው ሁሉ ያስጠና የለም እንዴ?"

"እሱ ነው እንግዲህ ምክንያቱ።"

እንዲህ ያለ ሰው ምን ይባላል?

ኅዳር 8

ዛሬ ቁጥር ሰባት መልስ የላትም። ከሥሯ ሥርዝ ድልዝ ብቻ። አስጠኚውን በር ላይ ያዝኩት። "መምህር፣ ይቺ አልተሞላችም።" አንገቱን ደፋ። "እሺ እትዬ፣ ትስተካከላለች።"

ኅዳር 11

ተስተካከለች። እንዴት ያለ ቁልጭ ያለ ጽሑፍ!

ኅዳር 26

ትምህርት ቤት ተጠራሁ። ምን አጠፋች እያልኩ ሄድኩ። የሒሳብ አስተማሪዋ፣ ረጋ ያሉ ትልቅ ሴት ናቸው፣ የፈተና ወረቀቷን ዘረጉልኝ። ከአርባው ዘጠኝ! ዘጠኝ... ግማሹ ወረቀት ነጭ ነው። አጠገቡ የቤት ሥራ ደብተሯን አስቀመጡት። እሱማ ሁሉም ልክ።

"ይሄ የልጅዎ እጅ ጽሑፍ ነው?"

"አዎ፣ የሷ ነው።"

"ሐሳቡስ?"

ወረቀቱን አጥፌ ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኩት። 

ቤት መጥቼ አልጮህኩም። አልጋዋ ጫፍ ላይ ቁጭ ብዬ ጠየቅኳት። ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራ፣ "እማዬ፣ እንዳታባርሪው። እሱ ሲነግረኝ ይገባኛል። ተነስቶ ሲሄድ አብሮት ይሄዳል።" ከዚያ ደግሞ... "ደደብ ነኝ መሰለኝ።"

በሳቅ ነው ያሳደግኳት። ይቺን ቃል ማን አስተማረብኝ?

ኅዳር 27

አስጠኚውን ልጅ ልኩን ልነግረው ተዘጋጅቼ ጠበቅኩት። ወረቀቱን ሰጠሁት። አየው፤ አልደነገጠም። ይሄኔ ይበልጥ ተናደድኩ።

"ያውቁ ነበር ማለት ነው?"

"አውቅ ነበር እትዬ።"

"እና ምን አድርግ ብዬ ነው ያመጣሁህ?" አንቱታው ጠፍቶብኝ አንተ አልኩት።

"ቁጥር ሰባት ትዝ ይልዎታል?" አለኝ። "ያን ቀን ራሷ እየሞከረች ነበር። አርባ ደቂቃ ታገለች። ጫፍ ደርሳ ሰዓት አለቀ። እርስዎ በር ላይ አልተሞላችም ሲሉኝ... በሚቀጥለው ጊዜ ስመጣ ነግሬ አስጻፍኳት። ከዚያ ወዲህ ሁሉንም ነግሬ ነው የማስጽፋት። ገጹ ካልሞላ የሚያባርሩኝ መሰለኝ።"

ቆሜ ቀረሁ።  ያ ሥርዝ ድልዝ የልጄ ሐሳብ ነበር ለካ! እንደ ጎደለ ካርድ መለስኩባት። አልፎ ተርፎ ባማረ ጽሑፍ ደስ አለኝ! እዚያ መሥሪያ ቤት ባዶ መስመር ሰው ይገድላል። እዚህስ? እዚህ የሞላው ነው ልጄን የጎዳት። የኔው እጅ...

አባቷ ሰምቶ አልፈረደብኝም። ቢፈርድብኝ ይሻለኝ ነበር።

ታኅሣሥ 2

ተስማማን። እኔ ደብተር አልገልጥም። እሱ እስክሪብቶ አይነካም። እሷ ትሠራለች፣ እሱ ይጠይቃታል።

በመጀመሪያው ቀን በሁለት ሰዓት አንድ ጥያቄ! እኔ ወጥ ቤት ሆኜ ጆሮዬን ቀስሬ... ጸጥታ። ሳህን አጠብኩ። የታጠበውን ደግሜ አጠብኩ።

ታኅሣሥ 20

መሀል ላይ ተነስታ አለቀሰች። "ለምን ዝም ብለህ አትነግረኝም! ድሮ ትነግረኝ አልነበር?" እሱም ግራ ገብቶት ወደ እኔ አየ። በሁለት ቃል ልገላግላት እችል ነበር። ንገራት፣ በቃ። አፌ ላይ ደርሶ ነበር... ዋጥኩት። ጓዳ ገብቼ አብሬያት አለቀስኩ።

ልክ እያደረግኩ ይሁን? ፈተናው አይጠብቃትም። ብትወድቅ በማን ላይ ልጮህ ነው?

ጥር 9

ሽንኩርት እየከተፍኩ ነበር። ድምፅዋን ሰማሁ፣ "ቆይ! ቆይ ቲቸር! እንዳትነግረኝ!"

ቢላዋውን አስቀመጥኩ። እንዳትነግረኝ! ሽንኩርቱ ይሁን ሌላው አላውቅም፣ ዕንባዬ ፈሰሰ።

የካቲት 13

ወረቀቷን ራሷ አመጣችልኝ። ከአርባው ሃያ ሦስት። ተአምር አይደለም፤ ከክፍሏ አሥራ ዘጠኝ ልጆች ይበልጧታል። መጨረሻው ጥያቄ ላይ ግን ግማሽ ገጽ ሠርታ፣ ከሥሩ "ከዚህ በኋላ አልቻልኩም" ብላ ጽፋለች። አስተማሪዋ በቀይ "እስከዚህ ልክ ነሽ" ብለውበታል። ሦስቴ አነበብኩት።

ትናንት አስጠኚውን ራሷ አነጋገረችው። "ቲቸር፣ ዓርብ ዓርብ ብቻ ብትመጣስ? ያቃተኝን ይዤ እጠብቅሃለሁ።" ልጁ ሳቀ። "እየተባረርኩ ነው እትዬ!" ክፉኛ አዘንኩለት፤ እሱ ግን ፊቱ በርቶ ነው የወጣው።

አባቷ፣ "ታዲያ ይሄ ማስጠናት ያዋጣል ማለት ነው?" አለኝ።

"እኔ እንጃ። እናትየዋ ካላበላሸችው ያዋጣል።"

ይቺን የምጽፈው ውጭ፣ የሕንፃችን ደረጃ ላይ ቁጭ ብዬ ነው። ለምን? ድንቡሼ እየሠራች ነበር፤ እኔ ደግሞ ጥግ ላይ ቁጭ ብዬ፣ ትንፍሽ ሳልል፣ ሳያት... "እማዬ፣ ስትቁነጠነጪ ይሰማኛል። እባክሽ ውጪልኝ።" በሩንም ዘጋችብኝ።

የላይኛዋ ጎረቤቴ ልብስ ይዛ ስትወርድ አገኘችኝ። "ምነው እህቴ፣ ቁልፍ ጠፋብሽ?"

"ኧረ ልጄ አስወጥታኝ ነው!" አልኳት። ሳቄን መያዝ አቃተኝ። ልብሷን አስቀምጣ፣ አመመሽ እንዴ ብላ ግንባሬን ነካችኝ።