የገሜ ዶቅዶቄ ማርሚታ

ውድ ገሜ፣

ለጤናህ እንደምን አለህ ብዬ ብጀምር እንደምትስቅብኝ አውቃለሁ፤ ስለዚህ ከእኛ ልጀምር። እኛ ደህና ነን። ከተለየኸን ሁለተኛው ክረምት ወጣ። የአዳማ ሙቀት እንደተውከው ነው፣ አቧራው ግን ከደጃችን ቀንሷል። ሰፈሩ አዋጥቶ ከአስፋልቱ እስከ በራችን ኮብልስቶን አስነጥፏል። ባጃጅ አሁን እስከ ደጃፍ ይገባል። እኔም የስፌት መኪናዬን በረንዳ ላይ አውጥቼ አላፊ አግዳሚውን እያየሁ እሠራለሁ። ሌንሴ፣ ያቺ ከትከሻህ አልወርድም ትል የነበረች ልጅህ፣ የግብርና ባለሙያ ሆና ሁሩታ ተመድባለች። ቅዳሜ ቅዳሜ ትመጣለች። ስትስቅ ቁርጥ አንተን ናት። ስትናደድም አንተን ናት፤ እሱን እንኳ ባታወርሳት ይሻል ነበር።

የምጽፍልህ ግን ስለ ዶቅዶቄህ ነው። ያቺ ጣሊያን ሠራሽ አሮጌ ሞተር ሳይክልህ አንተ ከሄድክ ጀምሮ ጓሮ ውስጥ ላስቲክ ለብሳ ቆማ ነበር። ዶሮዎቹ ማደሪያ አደረጓት። ቁራሌው በራችን ላይ በጮኸ ቁጥር ወንድምህ ይህን ብረት ለምን አትገላገይውም ይለኛል። እኔ እምቢ አልኩ፤ ምክንያቴን ለማንም አልተናገርኩም። ላንተ ልንገርህ። ድምፅህ ከጆሮዬ እየጠፋ ነበር። ፎቶህ ግድግዳው ላይ አለ፣ ድምፅህ ግን የትም አልተቀዳም። እንዴት አድርገህ ትጠራኝ እንደነበር ለማስታወስ ዓይኔን ጨፍኜ እታገላለሁ። አንዳንዴ ይመጣል፣ አንዳንዴ አሻፈረኝ ይላል። ፈራሁ ገሜ። የዶቅዶቄህን ድምፅ ግን ከስንት ሞተር መሀል እለየው ነበር፤ እሷ ብትነሳ አንተም አብረሃት ትመጣለህ ብዬ አሰብኩ።

ሌንሴ ገበሬዎቹ ጋ የምሄድበት ሞተር ያስፈልገኛል ስትል ሰበብ አገኘሁ። ጓደኛህን ሁሴንን ጠራነው። መካኒኩ ሁሴን ያው ሁሴን ነው፤ እጁ ጥቁር፣ ወሬው ብዙ። ቅዳሜ ከሰዓት እየመጣ ሞተሩን ፈትቶ አጠበ፣ ካንዴላ ቀየረ፣ የታንኩን ዝገት አራገፈ። በመጨረሻ የቀረው ጭስ ማውጫዋ ነበር፣ እናንተ መካኒኮች ማርሚታ የምትሉት።

መግጠሙን ሌንሴ ካልሠራሁ ብላ ያዘች። ቸኩላ የኋላውን ብሎን መጀመሪያ ጥርቅም አድርጋ አጠበቀችው። የፊተኛው አፍ ከሞተሩ ጋር አልገናኝ አለ። ብትገፋው፣ ብትጎትተው፣ ወይ ፍንክች። ሁሴን ሻዩን ይዞ ይስቃል። እኔ ከስፌቴ ተነስቼ ሁሉንም መጀመሪያ አላልተሽ እሰሪ፣ ከዚያ ከሞተሩ በኩል ጀምረሽ አጥብቂ አልኳት። ሁለቱም ዞረው አፈጠጡብኝ። ምን ይገርማል? ስትሠራ የኖርከው ዓይኔ ሥር አይደል? ብሎኖቹን ሁሉ በጣትህ ብቻ ታስይዝና፣ መጀመሪያ ይተዋወቁ ትል ነበር። እኔም ልብስ በመኪና ከመስፋቴ በፊት በእጅ መርፌ ሰፋ ሰፋ አድርጌ ሸልዬ ነው የምይዘው፤ ለዚህ ነው ሥራህ ቶሎ የገባኝ። እናትህ ቤት ያስገባኸኝም እንደዚያው ነው። ከወሎ የመጣሁ፣ አንድ የኦሮምኛ ቃል የማላውቅ ሙሽራ ነበርኩ፤ ማንም እንዳያጣድፈኝ አደረግህ። ቀስ ብለን ተዋወቅን። እናትህና እኔ ዛሬም ጠዋት አካም ቡልቴ ሳንባባል አንውልም።

ሌንሴ እንዳልኳት አደረገች፣ ማርሚታዋ ቦታዋን ያዘች። ሁሴን ተነሳና ረገጠ። ሳል ሳል አደረጋት፣ ከዚያ ተነሳች። ገሜ፣ መጣህ። ያው ሰፈር የሚያናውጠው ጩኸት ነው። ጎረቤታችን እትዬ አስካለ ነጠላቸውን እየጎተቱ ወጥተው፣ በሙሉ ስምህ፣ ገመቹ እያሉ አለቀሱ። እኔ ግን አላለቀስኩም፣ አንጀቴ ቅቤ ጠጣ። አጠራርህ፣ ቁጣህ፣ የደከመህ ቀን ጫማህን ስታወልቅ የምታጉረመርመው ሳይቀር ተከታትሎ ጆሮዬ ገባ።

ሌንሴ ጆሮዋን ይዛ፣ ይቺ ነገር ሁሉ ነገሯ ታድሶም እንደ ድሮው የምትጮኸው ምን ሆና ነው አለች። ሁሴን አጠፋትና ወደ እኔ አየ። ከዚያ ስንት ዓመት ሆዱ ውስጥ የያዘውን አወጣው። ማርሚታዋ ውስጧ ባዶ ነው፤ ድምፅ የሚያበርደውን ቱቦ ያወጣው እሱ ራሱ ነው፣ ያስወጣኸው ደግሞ አንተ። ሌንሴን ወልጄ አራስ ሳለሁ፣ አንተ የሽንኩርት አልሚዎቹን የውሃ ፓምፕ ልትጠግን ቡልቡላ ድረስ እየሄድክ አምሽተህ ትመጣ ነበር። አስፋልቱ ጋ መድረስህን ካልሰማሁ እህል አይወርድልኝም አልኩህ። እኔ ተናግሬ ረሳሁት። አንተ ሁሴን ጋ ሄደህ፣ ገና ከአስፋልቱ እንድትሰማኝ አድርጋት አልከው። ጉልበቷ ይቀንሳል ቢልህ፣ ይቀንስ አልክ። እንዳትነግራት፣ ትሳቀቃለች አልከው። እኔ ደግሞ ይቺ ዶቅዶቄ ሰፈሩን ልታፈርሰው ነው እያልኩ ስጨቀጭቅህ፣ አርጅታ ነው፣ ምን ላድርጋት እያልክ ትከሻህን ትነቀንቅ ነበር። ውሸታም! እንዲህ ያለው ውሸት ይባረክ።

እግዜር ይስጥህ ገሜ። ባንተው ቋንቋ፣ ገለቶሚ። ያኔ አላወቅሁምና አላመሰገንኩህም፤ ይኸው አሁን አወቅሁ። እኔ አንተን ስጠብቅ የኖርኩ ይመስለኝ ነበር። ለካ አንተ ነህ እኔ እንዳልጨነቅ ስትደክም የኖርከው።

ሁሴን እንዲሁ ልተዋት ወይስ የውስጡን ልሥራላት ብሎ ጠየቀኝ። ሌንሴ፣ እንደወደድሽ እማዬ አለች። ሳምንቱን ሙሉ ሳስብ ከረምኩ። ቅዳሜ ሲመጣ፣ ሥራላት አልኩት። አዲስ ቱቦ በይዶ አስገባላት። ሰኞ ጠዋት ሌንሴ አስነስታት ወጣች፤ ገና አስፋልቱ ሳትደርስ ድምፅዋ ጠፋ። እትዬ አስካለ አዘኑ። እኔ አልከፋኝም። ስትደርስ ደወለችልኝ፣ የአርሲን ዳገት እንደ ጉድ ወጣችልኝ እያለች ትስቃለች።

ሞተሯ የልጃችን ናት፣ ጉልበቷም ተመልሶላታል። ያንን ጩኸት ግን አላወርሳትም። እሱን ለእኔ ብለህ ነው የሠራኸው፤ በጆሮዬ እንደያዝኩት እኖራለሁ።

ባለቤትህ ወይንሸት