ቀኑን የመንካት ፈቃድ

ኅዳር 15፣ ሰኞ

የሰቆጣውን ንባብ ቤት ኮምፒውተሮች ፈተሽኩ። ስምንቱም ይሠራሉ። የጀርባ ሥዕላቸው ግን ተቀያይሯል… አንዱ ላይ ኳስ ተጫዋች፣ አንዱ ላይ የሙሽራ መኪና። አምስተኛው ላይ ፕሪንተሩን የሚያዘው ፕሮግራም ጠፍቷል። ማን አጠፋው? ሁሉም በአንድ ስም ስለሚገቡ ማወቅ አይቻልም።

መፍትሔው ግልጽ ነው። ለተጠቃሚ የተወሰነ መብት፣ ለእኔ ሙሉ መብት። ፍላሽ ክልክል። የይለፍ ቃሉን ከእኔ በቀር ማንም አያውቅም።

ዓሲያ ዛሬም መጣች። የጨርቅ ነጋዴው የአቶ አደም ልጅ፤ በነርስነት ተመርቃለች። የሙያ ፈቃድ ፈተናው ምዝገባ ሐሙስ ማታ ይዘጋል። ሰነዶቿን ስካን አድርጋ አራተኛው ላይ አስቀምጣለች፤ ከተማረችበት የሚላክ አንድ ማረጋገጫ ብቻ ትጠብቃለች። "ካመለጠኝ አባቴ የሱቁን ቁልፍ ያስረክበኛል። ከዚያ ወዲያ ነርስ መሆኔን ማን ያስታውሳል?" አለች። እንደ ቀልድ አለችው… ቀልድ ግን አልነበረም።

ኅዳር 16፣ ማክሰኞ

ከሰዓት በኋላ መሪጌታ ወልደ ሐዋርያት ከአንዱ ማሽን ወደ ሌላው ሲዘዋወሩ አየሁ። የደብራቸውን ታሪክ የሚጽፉት ሁልጊዜ ሁለተኛው ላይ ነው። ዛሬ ምን ፈለጉ? እርሳቸውን "ምን እያደረጉ ነው?" ብሎ መጠየቅ ከበደኝ፤ ተውኩት።

መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ሰቅለው፣ "ልጄ፣ እነዚህ ሳጥኖች ጤናቸው እንዴት ነው?" አሉኝ።

"ደህና ናቸው፣ መሪጌታ።"

"አሁንማ ደህና ናቸው።"

ነገ ወደ ጋዝጊብላ እሄዳለሁ፤ የአንድ ትምህርት ቤት ኮምፒውተሮች ለመትከል። መብራት ሳይጠፋ ብዬ ስምንቱንም በጥድፊያ ቆለፍኩ። ሞከርኳቸው። የጀርባ ሥዕል እምቢ፣ ፍላሽ እምቢ፣ ማስተካከያ እምቢ። ንጹሕ ሥራ።

ኅዳር 17፣ ረቡዕ

ጋዝጊብላ። ሥራ ብቻ። ኔትወርክ የለም።

ኅዳር 18፣ ሐሙስ

ይህን በዝርዝር ልጻፍ።

ኔትወርክ የሚገኘው ከገበያው በላይ ባለው ጉብታ ላይ ነው አሉኝ። ወጣሁ። የዓሲያ መልእክቶች ተግተልትለው ገቡ። ደወልኩ።

"ጋሽ የኔሰው፣ ማረጋገጫው መጣልኝ፣ የምዝገባው ገጽ ግን አይከፈትም! ከትናንት ጀምሮ! ግንኙነቱ አስተማማኝ አይደለም ይላል።"

"በሌላ ማሽን ሞክሪ።"

"ስምንቱንም ሞከርኩ። ሰነዶቼን ይዤ ሌላ ቦታ እንዳልሄድ ፍላሹን አልቀበልም አለ። ዛሬ ነው እኮ የሚዘጋው!"

ከጎኗ ሌላ ድምፅ፦ "ስጪኝ እስቲ… የኔሰው? እኔ ነኝ፣ ወልደ ሐዋርያት። ሳጥኖቹ ዘመኑን ስተው 2025 እያሉ ቢያስቸግሩኝ ማክሰኞ ወደ 2018 መለስኳቸው። አንዱን ብቻ ማረም አድልዎ መሰለኝ፤ ሁሉንም አዳረስኩ። አሁን ልመልሰው ብል እጄን አይቀበሉም።"

ዕድሜያቸውን ሙሉ ባሕረ ሐሳብ፣ የዘመን ቆጠራ፣ ያስተማሩ ሰው የተሳሳተ ዓመት እያዩ እንዴት ይለፉ? ድረ ገጹ ደግሞ ሰባት ዓመት ወደ ኋላ የቀረ ማሽን አያምንም። እኔስ? ቀኑን ሳላይ ስህተቱን ከውስጥ ቆለፍኩበት።

ወደ ሰቆጣ የሚሄድ መኪና ከነገ በፊት የለም። የቀረው አንድ መንገድ ነው፤ ፈጽሞ አላደርገውም ያልኩት።

"ዓሲያ፣ የምልሽን ጻፊ።"

ነፋሱ ድምፄን ይወስደዋል። "ትልቁ ኬ! ኬ! ቀጥሎ ትንሹ ኤም!" እያልኩ ጮህኩ። አህያ የሚነዱ ገበያተኞች ቆሙ። አንዲት ቅቤ ሻጭ፣ "ወንድሜ፣ ሚስትህ ናት እንዲህ እምቢ ያለችህ?" አለችኝ። ሌላው በኽምጣኛ አንድ ነገር ጣል አደረገ፤ ሁሉም ሳቁ። እስከ መጨረሻው ፊደል ጮህኩ።

የዓሲያ ድምፅ፦ "ገባ!"

መሪጌታ ከጎኗ፦ "በይ እንግዲህ፣ ወደ ስህተቱ መልሺው።"

ሊዘጋ ሲቃረብ ተመዘገበች።

ኅዳር 20፣ ቅዳሜ

ተመለስኩ። የይለፍ ቃሉን ቀየርኩ፤ የጋዝጊብላ ገበያ ሁሉ ሰምቶታል። አዲሱን ለእማዋይሽ ነገርኳት፤ ለንባብ ቤቱ ሠራተኛ።

"ለእኔ? እኔ ስለዚህ ምን አውቃለሁ?"

"የበሩ ቁልፍስ አንቺ ዘንድ አይደል?"

መሪጌታ ይቅርታ ሊጠይቁ መጡ። እኔም ልጠይቃቸው ስል ነበር… ተሸቀዳደምን።

መቆለፊያው ይቆያል። ግን መብትን ነጥሎ መስጠት ይቻላል፤ ይህን ዩኒቨርሲቲ ተምሬዋለሁ፣ አልተጠቀምኩበትም እንጂ። ለመሪጌታ የራሳቸውን መግቢያ ስም ከፈትኩላቸው። አንድ ተጨማሪ ፈቃድ ብቻ አለው፦ ቀንና ሰዓት።

"ልጄ፣ ሌባውን ጠባቂ አደረግኸው" አሉ።

ታኅሣሥ 13፣ ሰኞ

ዓሲያ ጎህ ሲቀድ በአውቶቡስ ወደ ወልድያ ሄደች፤ ለፈተናው። ሻንጣዋን የተሸከሙላት አባቷ ናቸው።

ንባብ ቤት ስደርስ መሪጌታ ቀድመውኛል። የእኛን ቀን ወደ ፈረንጁ እየመለሱ፣ በጣታቸው እየቆጠሩ፣ ከአንዱ ማሽን ወደ ሌላው ይዘዋወራሉ። ምን እያደረጉ እንደሆነ ጠየቅኳቸው። ዛሬ አልከበደኝም።

"ስድስተኛው ሳጥን መብራት ሲጠፋ ቀኑን ጥሎ አደረ። አቃናሁት።"

"ወደ የትኛው ዘመን፣ መሪጌታ?"

መነጽራቸውን ከግንባራቸው አወረዱ። "እርሱ ወደሚያውቀው።"

ላረጋግጥ ተነሣሁ… መልሼ ተቀመጥኩ።