ከባቡሮቹ ጋር የሄደችው ሣጥን

ልጄ ያሱኪ፣ የአያቶችህ መንፈስ ባለህበት አገር ከክፉ ይጠብቅህ። እኔ ደህና ነኝ። የምትጽፍልኝ ጎረቤታችን አሮጊቷ ኪኑዬ ናት።

ቤቱን ከዕቃ ላቃልል ብዬ የልጅነት ባቡሮችህን ለአሮጌ መጫወቻ ገዢ ሸጥኩ። «አባባ፣ ከነሣጥናቸው ነው የምፈልገው» ቢለኝ፣ ጽሑፍ ያለበትን ሣጥን ሁሉ ጠራርጌ ሰጠሁት።

ትናንት ኪኑዬ፣ «የያሱኪ እናት የደረቀ እትብቱን ያስቀመጠችባት ትንሿ የእንጨት ሣጥንስ? ስሙ የተጻፈባት?» አለችኝ። እሷንም ከባቡሮቹ ጋር እንደሰጠሁ ስነግራት፣ «አንተ ሽማግሌ! ማንበብ ባትችል መጠየቅ ያቅትሃል?» ብላ ጮኸችብኝ። ይህንንም ጻፊው ብያታለሁ።

ገዢው ስልክ አያነሳም። እናትህ፣ «እትብቱ ቤት ካለ ልጁ ክፉ አይነካውም» ስትል እስቅባት ነበር። ስንት ማዕበል ያልበገረኝ ዓሣ አጥማጅ ዛሬ ከስልኩ አጠገብ አልነሳም።

ዕድሜህ ከእኔ ይርዘም። እባክህ ደውልልኝ፤ ብትሰድበኝም ድምፅህን ልስማ።

አባትህ