የታሰረው ቢላ

ለእናቴ ልጅ፣ ለታናሽ ወንድሜ፦

እንዴት ነህልኝ? ጤናህ፣ ሥራህ፣ ያ የተሸረፈው ጥርስህስ? ነቀልከው ወይስ አሁንም እያባበልከው ነው? እኛ ሁላችንም ደህና ነን። አባባም ደህና ነው፤ ክራንቹን የዶሮ ማባረሪያ አድርጎት ጎረቤቱን ሁሉ ያስቃል። ስልክ ላይ እኔም «እሺ» አንተም «እሺ» ተባብለን ነው የምንዘጋው። የዛሬው ወሬ ግን የስልክ ስላልሆነ ወረቀት ገዛሁ። መቼም ጽሕፈቴን ታውቀዋለህ፣ ታግሰህ አንብብልኝ።

ባለፈው ማክሰኞ ጠዋት እኔና ባለቤቴ የዓሣ ወጥመዶቹን ልናነሳ ወጣን። አዎ፣ አሁን ሞተሩን የምይዘው እኔ ነኝ! አንተ ከሄድክ ወዲህ ሰው ጠፋና «በይ እንግዲህ፣ ድስቱን ተይና ሞተሩን ያዢ» አለኝ። መጀመሪያ ሰሞን ምን ያህል እንዳስታወከኝ እኔና ዓሦቹ እናውቃለን።

ስንወጣ ውኃው እንደ ዘይት ተኝቷል። ወጥመዶቹን ታውቃቸዋለህ፣ አምስት አምስት ሆነው በአንድ ገመድ የተያያዙ ናቸው። ሁለቱን ረድፍ አንስተን የመጨረሻው ሲቀረን ነፋሱ ተነሳ። «እንመለስ» አልኩት። «አምስት ወጥመድ ጥዬ ብገባ አባትሽ በክራንቹ ነው የሚቀበለኝ» አለኝ። እኔ ሞኟ እሺ አልኩ። ያነሳናቸውን በአንድ ጎን ከምረናቸዋል። የጀልባዋን አፍንጫ ወደ ማዕበሉ ማዞር ሲገባኝ ጎኗን ሰጠሁት። እሱም ብትል፣ የሚስበውን ገመድ በርሜሉ ውስጥ መጠቅለል ትቶ እግሩ ሥር ያከማቻል።

አንዱ ማዕበል መጥቶ ጎናችንን መታን። ገና የሳባቸው ሁለቱ ወጥመዶች ተንሸራተው ተመልሰው ውኃ ገቡ፤ ገመዱም ተከትሏቸው ሲወርድ የባለቤቴን ቁርጭምጭሚት ጠምጥሞ ጎተተው። ግራ እግሩን! ወንድምዬ፣ ያኔ ዓይኔ ላይ የመጣው አባባ ነው። ጀልባዋ አዘነበለች፤ ውኃ መግባት ጀመረ።

እጄን መቀመጫው ሥር ሰደድኩ። ቢላው አለ። አንተ በሄድክ በሳምንቱ በረጅም ሲባጎ መቀመጫው ላይ ያሰርኩት እኔው ነኝ። ባለቤቴ ያኔ «ቢላ እንደ ፍየል ይታሰራል እንዴ?» ብሎ ስቆብኝ ነበር። ገመዱን ሁለቴ ገዘገዝኩት፣ በጠስ አለ። አባባ «ገመድ የቆረጠ ጉሮሮውን ቆረጠ» ይል የለ? ይኸው ቆርጬ ጉሮሯችን ደህና ነው። ባለቤቴ ወለሉ ላይ ተዘርሮ፣ ላይፍ ጃኬቱ አገጩ ድረስ ወጥቶ፣ መጀመሪያ ያለው ምን መሰለህ? «አምስት ወጥመድ ሸኘሽ!» እኔም «ስድስተኛው አንተ ነበርክ» አልኩት። ሳቅን፣ ከዚያ ደግሞ አለቀስን። የቀሩትን ወጥመዶች መሃል ወለሉ ላይ ዝቅ አድርገን ደርድረን፣ አፍንጫዋን ወደ ማዕበሉ አዙሬ፣ ቀስ እያልን ገባን።

አባባ ዳር ላይ ተቀምጦ የወጥመድ ሽቦ ይጠግናል። ሁሉን ነገርነው። ይቆጣል ስል ሽቦውን አስቀመጠና «ለመቁረጥ ምን ያህል ጊዜ ፈጀብሽ?» አለኝ። «እስከ አምስት ቢቆጠር ነው» አልኩት። «ልጄም ቢላ ቢያገኝ ኖሮ ያው አምስት ነበር» አለ። ሦስት ዓመት ሙሉ «ደንግጦ ነው፣ እጁ ከድቶት ነው» ሲል የኖረ ሰውዬ! አንተ «ቢላው ቦታው አልነበረም» ስትል አንድም ሰው አላመነህም። የአባባን እግር ካሰረው ገመድ ጋር ስትታገል የተሸረፈው ጥርስህ እንኳ አልመሰከረልህም።

ከዚያ ወደ እኔ ዞረና «ለመሆኑ አንቺ ያንን ቢላ ምን ብለሽ አሰርሽው?» አለኝ።

ወንድምዬ፣ አባባ እግሩን ያጣበት ቀን ጠዋት ምሳ ቋጥሬላችሁ ነበር፤ ታስታውሳለህ? ሽንኩርቱን እንዴት አድርጌ አድቅቄ እንደከተፍኩት አመስግነኸኝ ወጣህ። የጓዳው ቢላ ከደነዘ ቆይቷል። በምን እንደከተፍኩት ግን እስከ ማክሰኞ ድረስ የጠየቀኝ የለም፤ እኔም ሳልጠየቅ ዝም አልኩ።

ለአባባ ነገርኩት። ክራንቹን አነሳ። ሊመታኝ ነው ብዬ አንገቴን ደፋሁ፤ ቢመታኝም አልከፋም ነበር። መሬቱን ብቻ ሁለቴ መታ መታ አደረገና «ወረቀት ግዢ» አለኝ።

ይህንን ሁሉ ጽፌ «ይቅር በለኝ» የምትለዋን እጄ እምቢ አለችኝ። እሷን ፊት ለፊትህ ቆሜ ልበላት። አባባ ደግሞ «እኔ እግሬን፣ እሱ ጥርሱን ከፍለናል፤ እሷ ገና አልከፈለችምና እሱ ሲመጣ ሞተሩን አጥፍታ በእጇ ትቅዘፍለት» ብሏል። እቀዝፋለሁ! ላይፍ ጃኬትም በልክህ ገዝተንልሃል፤ ከወፈርክ ጥፋቱ የራስህ ነው። አሁን ነፋስ ከተነሳ አንድም ወጥመድ አይነሳም። ከመውጣታችን በፊት ደግሞ ቢላውን ሁለት ሰው በእጁ ነክቶ ያያል፤ ለጓዳ የሚያነሳው የለም፣ እኔማ ጭራሽ።

ነፋሱ ከኋላህ ይሁንልህ፣ ውኃውም ይተኛልህ። ደጃችንን በሰላም ያስረግጥህ።

ጓዳዋ ውስጥ ዛሬም ደነዝ ቢላ ያላት፣
እህትህ