የጠዳው የመንገድ ዳኛ

ኅዳር 20 ቀን 1948 ዓ.ም.፣ ጎንደር

ምነው ሰው ትላንት ያለውን ዛሬ ይክዳል? አያ ሰይፉ ከአዲስ አበባ የመጣው ለትምህርቱ መጽሐፍ ሊጽፍ ነው። «ከላይ ንጉሥ ከሌለ ፍርድ የለም፤ አገርና አገርም ከበላያቸው ንጉሥ ስለሌለ የሚተዳደሩት በጉልበት ነው» ይላል። በቅሎውን የምጎትትለት እኔ ነኝ። ትላንት «ተሳስተሃል» አልኩት። «ከረታኸኝ ስምህን መጽሐፌ ላይ አገባዋለሁ» አለ። በገዛ አፉ ነው ያለው።

ዛሬ ጠዳ ላይ ሁለት ገበሬዎች ዱላ ተማዘው አገኘን። የአንዱ በሬ የሌላውን ገብስ በልቶበታል። ባለገብሱ «በሕግ አምላክ» ሲል ያኛው ያነሳውን ዱላ አወረደ። እስኪፈረድ እንዳይለያዩ ኩታቸውን ጫፍ ለጫፍ ቋጠሩና አያ ሰይፉን ያዙት።

«እኔ ሹም አይደለሁም» አለ።

«ሹም መች ፈለግን? መንገደኛ ነህ፣ የማንም ዘመድ አይደለህ። ቁጭ በልና ፍረድ።»

ሾላው ሥር ተቀምጦ ሁለቱንም ሰማ። «ባለበሬው ገብሱን አውድማ ላይ ይተካ» አለ። ሸጋ ፍርድ ነው፣ አልዋሽም። ባለበሬው እኛን ሁለታችንን ባንድ እጁ የሚያነሳ ሰው ነው። ግን «እሺ» ብሎ እጅ ነሥቶ ሄደ።

«ወታደርህ የታለ?» አልኩት። በቅሎው ላይ ወጥቶ በአዘዞ በኩል ወደ ጎንደር አቀና።

ከራት በኋላ ግን «ጎረቤት እንዳይታዘበው ነው እሺ ያለው። ትልቅ አገርን ማን ይታዘበዋል?» አለኝ። ይኼ ሌላ ሙግት ነው፤ እሱንም አስብበታለሁ። የዛሬውን ግን ረትቻለሁ። ነገ በቅሎዋን ሳልጭን ነው የምጠይቀው፤ ስሜን አድማሱ ብለህ ትጽፋለህ ወይስ አትጽፍም? ቶሎ መልስ።