መድኃኒታቸውን ለጥናቱ ሲሉ ሳይወስዱ መጥተው፣ ከሆስፒታል በር ስለተመለሱት አባላችን

የሰውነት እንቅስቃሴ መታወክ ሕሙማንና አስታማሚዎች ማኅበር፣ በሥራ ባልደረቦቻቸው ዘንድ ጋሽ ብልጭታ በመባል የሚታወቁት አንጋፋ በያጅና መሥራች አባላችን ከዚህ ዓለም በሞት መለየታቸውን የሚያስታውቀው በከባድ ሐዘን ነው። በከባድ ቁጣም ነው። የሐዘን መግለጫ ላይ መቆጣት ተገቢ ነው ወይ ብለን እርስ በርስ ተጠያይቀናል፤ ጸልየንበትም አድረናል። ዝም ብንል ግን በስማቸው ላይ የተጻፈው ሐሰት እንደተጻፈ ሊቀር ነው።

ጋሽ ብልጭታ የሥራ ዘመናቸውን ያሳለፉት የውሃና የነዳጅ ታንከር ውስጥ ገብተው ሲበይዱ ነው፤ ጭሱ መውጫ አልነበረውም። ሕመሙ ሲጀምራቸው ፊታቸው ፈዘዘ፣ ቀጥሎ እርምጃቸው አጠረ፣ ድምፃቸው ሳሳ። ለሚከፋባቸው ሰው ሁሉ “ተቆጥቼ እኮ አይደለም፤ ፊቴ አልታዘዝ ብሎኝ ነው” ይሉ ነበር።

የነርቭ ሐኪሞች በብየዳ ጭስ ውስጥ የሚገኘው ማንጋኒዝ የተባለ ማዕድን ለዚህ ሕመም መንስኤ ይሆን እንደሆነ ማጥናት በጀመሩበት ዓመት፣ ከሁሉ ቀድመው ፈቃደኛ የሆኑት እርሳቸው ናቸው።

በተከታዩ ዓመት በየጋራዡ እየዞሩ ወጣት በያጆች እንዲመረመሩ አሳምነዋል። “ደማችንን ሊሸጡት ነው” ብለው ለሸሹት “የእኔንስ ማን ይገዛዋል? ግማሹ ዝገት ነው” ብለው፣ እጅጌያቸውን ሰብስበው ቀድመው ተቀምጠዋል።

ባለፈው ዓመት ጥናቱ ወደ ከባዱ ምዕራፍ ገባ። ሐኪሞቹ ሕመሙ በራሱ የሚያደርሰውን ጉዳት ለይተው ለማየት፣ ታማሚው ከማታ ጀምሮ ክኒኑን ሳይወስድ ጠዋት እንዲመጣ ይጠይቃሉ። ይህ ምን ማለት እንደሆነ ያስታመመ ያውቀዋል። ክኒን በሌለበት ጠዋት አልጋ ላይ መገላበጥ ራሱ ሥራ ነው፤ የሸሚዝ ቁልፍ የሰው እጅ ይፈልጋል፤ እግር ጠባብ በር ሲያይ መሬት ላይ ተጣብቆ ይቀራል። ጋሽ ብልጭታ ይህን ስቃይ በየቀጠሮው በፈቃዳቸው ተሸክመዋል።

ባለፈው ማክሰኞም እንዲሁ ሆነው መጡ። ልጃቸው ተሽከርካሪ ወንበር ልታመጣ ቀድማ ገባች። በሆስፒታሉ የእግረኛ መግቢያ ላይ እግራቸው ተያዘ። የጥበቃ ሠራተኛው “አባባ፣ በጠዋቱ ጨልጠው ነው እንዴ? ይለፉ ወይ ይመለሱ፣ መንገድ አይዝጉ!” ሲላቸው፣ “ልጄ፣ ምራቄ እንኳ አልወርድ ብሎኛል፤ ምኑን ልጨልጠው?” ማለታቸውን እዚያው አጠገብ የሞባይል ካርድ የምትሸጠው እህታችን ሰምታለች። “እኔም የሰማኋቸው ጆሮዬን አስጠግቼ ነው፤ እሱማ ከነጭራሹ አልሰማቸውም” ብላናለች። “ስካርዎ ሲበርድልዎ ይምጡ” ተባሉ፤ ክንዳቸውም ተይዞ እንዲዞሩ ተደረገ። በዚህ ሕመም ለተያዘ ሰው መዞር ከመራመድ ይከብዳል። ወደ ኋላ ወደቁ፤ ጭንቅላታቸውን የእግረኛ መንገዱ ጠርዝ መታቸው። ልጃቸው ወንበሩን እየገፋች ስትመለስ አባቷን መሬት ላይ አገኘቻቸው። በማግስቱ አረፉ።

ይህ ሳያንስ ድንገተኛ ክፍሉ “በመጠጥ ኃይል የወደቀ” ብሎ ጻፈባቸው። ማን አሸተታቸው? ማን መረመራቸው? ሐኪሞቹ ፎቅ ላይ የታማሚውን እንቅስቃሴ የሚቀርጹበትን ካሜራ አቁመው የሚጠብቁት እኮ እኒህኑ ሰው ነበር! ታማሚ ክኒኑን ሳይወስድ እንዲመጣ የሚጠይቅ ተቋም፣ ታማሚው ምን ሆኖ እንደሚመጣ ለበር ጠባቂው መንገር እንዴት ያቅተዋል? ወጣቱ ጥበቃ ሐዘን ቤት መጥቶ አልቅሷል፤ “ማንም አልነገረኝም” ብሏል፤ እናምነዋለን። የማናምነው “ጉዳዩ እየተጣራ ነው” የሚለውን የአስተዳደሩን መልስ ነው። እኛም ብንሆን አብሯቸው የሚቆም ሰው ሳንመድብ ቀርተናል፤ ይህንን በፈጣሪ ፊት አንሸሽገውም።

ባለቤታቸው ካሳ አልጠየቁም። ያሉን ይህንን ብቻ ነው፦ “የባሌን ስም መልሱልኝ።” ስለዚህ የሆስፒታሉ አስተዳደር የጻፈውን እንዲያርም፣ እርማቱንም እቤታቸው ድረስ ሄዶ በእጃቸው እንዲሰጣቸው አጥብቀን እንጠይቃለን።

ለባለቤታቸው፣ ለልጆቻቸው፣ ሙያውን ላስተማሯቸው በያጆች፣ ከእኛው ጋር አንገታቸውን ለደፉት ተመራማሪ ሐኪሞችም ፈጣሪ መጽናናትን እንዲሰጥልን፣ የእርሳቸውንም ነፍስ በምሕረቱ እንዲቀበልልን እንለምናለን።

ከአባሎቻችን አንድም ሰው ከጥናቱ አልወጣም። በመጪው ማክሰኞ ቀጠሮ ያለን ሁሉ ክኒናችንን ሳንወስድ እንመጣለን። እንንቀጠቀጣለን፤ በሩ ላይም ተይዘን እንቆም ይሆናል። ማንም አይግፋን፤ እግራችን እስኪላቀቅ ይታገሠን።